አረፉ፣ ሞተ፣ ተደፋ

ጉደይቢያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ አሥር አልጋ፣ ዘጠኝ ሴት ባንድ ክፍል፣
ኤሲው እንደ ታመመ በግ ሲያስል አድሮ ሲያስል ሲውል።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም ስልኮቻችን ባንዴ በሩ፤
ዘጠኝ ፊቶች በጨለማው ሰማያዊ ሆነው ቀሩ።

«አረፉ» አለች ይመኙሻል፣ ከላይኛው አልጋ፣ ድምጿ ሰልሎ፤
«ተደፋ!» አለች ዙሪያሽ ከታች፣ እግሯ ከወለሉ ዘሎ።
እኔ «ሞተ» አልኩ። ሁለቱም ዞረው ገላመጡኝ፤
አንዷ አንቱታውን ነሳሽ፣ አንዷ ቃልሽ ለሰለሰ ብለው ጠመዱኝ።

ባንድ ብረት ነው የሚተኙት፣ ላይና ታች።
የላይኛዋ ስታለቅስ አልጋው ይነቀነቃል፤
የታችኛዋ ስትስቅም ያው ብረት ይንሰቀሰቃል።

ለይመኙሻል ሰውየው ማለት ቆርቆሮው የሚያበራ ጤና ጣቢያ ነው፣
እናቷ መንታ ተገላግላ በእግሯ የወጣችበት፣ ሪባኑን እሱ የቆረጠው።
ለዙሪያሽ «ላምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» የሚል ቃል ነው፣
ወንድሟን ጃኬት እንኳ ሳያስደርብ የወሰደው።
ጃኬቱ አሁንም ምስማሩ ላይ አለ፤
ላምስት ደቂቃ የወጣ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ዋለ።

የኔ ፎቶግራፍ ነው፤ ኢሚግሬሽን፣ ግድግዳ ላይ፣
ፓስፖርቴን ስጠብቅ የዋልኩ ቀን፣ እሱም ሲያየኝ እኔም ሳይ።
ማን ቀድሞ እንደሚሄድ አልተነጋገርንም።

ጠዋት ከሥር ባቃላው፣ ማላባሪው ሞይዱ፣ እንቁላል እየቆጠረልኝ፣
«አባታችሁ ሞተ አሉ» ብሎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ አዘነልኝ።
አባቴ? አባቴ እርሻው ላይ ነው፤ ትናንት ደውሎ የማዳበሪያ ጠየቀኝ።
ማዳም ደግሞ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፦ «አላህ ይርሐሙ፤ ዛሬ ምንጣፉ ይቅር፣
መስኮቶቹን ብቻ።» ለመንግሥት ሐዘን የተሰጠኝ እረፍት ያ ነበር።

ማታ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ማንቆርቆሪያው እንኳ ጎራ ለየ፤
ባንዱ ጥግ ባንዲራ፣ ማርሽ፣ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ ታየ፤
ባንዱ ጥግ በመዳፍ የታፈነ እልልታ፣ ዘበኛው እንዳይሰማ።
«ሙት ወቃሽ አትሁኚ» ትላለች አንዷ። አንዷ ደግሞ፦ «ሙቱንማ
አልወቅስም፤ በቁሙ ሳለ ማን ነበር የኔን ወቀሳ የሰማ?»
ሦስት ቀን ባንድ መጥበሻ በየተራ፣ ጨው እንኳ ሳይበዳደሩ፣
«ንገሪያት» እያሉ፣ በኔ በኩል እየተነጋገሩ።

ግን ጣሳው አለ። የኒዶ ጣሳ፣ ክዳኑ በጓጉንቸር የተከረቸመ፣
የመዲና መላኪያ፣ ከዓርብ ዓርብ የተጠራቀመ።
መዲና የሐርቡዋ፣ ሳቋ ከራሷ ቀድሞ በበር የሚገባ፤
ስድስት ሳምንት ሆነው ሬሳዋ ሰልማኒያ፣ ከብረት መሳቢያ ከገባ።
ለሷ ግሥ አልመረጥንም። ወረቀቷ ላይ ያለው ዓረብኛ ነው።

ጣሳው ይመኙሻል ዘንድ፣ ቁልፉ ዙሪያሽ አንገት፤
እንዳንተማማ ብለን የመረጥናቸው እኛው ነን፣ እጅ አውጥተን፣ በፈቃደኝነት።

ባራተኛው ቀን የካርጎው ሰው ደወለ፦ «እስከ ሐሙስ ካልተከፈለ…»
ሳይጨርሰው ተቋረጠ። ዘጠኛችንም ጸጥ፤ የኤሲው ሳል ብቻ ቀጠለ።

መብራት ጠፍቷል፤ አሥር ሰዓት የሚነሡት ተኝተዋል።
ዙሪያሽ ክሯን ካንገቷ አወለቀች፤ ቀና ሳትል፣
ካልጋው ጠርዝ የተንጠለጠለው እጅ ላይ አኖረችው።
እጁ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጨበጠው።

ይመኙሻል ጣሳውን አቅፋ ወረደች፤ ወለሉ ላይ ዘረገፉት፤
ለመቁጠሪያ ሌላ ብርሃን የለም፣ የቀብሩን ሥርጭት ድጋሚ አበሩት፣
ድምፁን ዘግተው። መድፉ ያለ ድምፅ ተተኮሰ፤
ሳጥኑ በሠረገላ፣ ከዲናሮቹ በላይ፣ እያበራላቸው ገሰገሰ።

«አሥራ ስምንት ይጎድላል» አለች ዙሪያሽ።
«አሥራ ሰባት ተኩል ነው» አለች ያቺ።
ሳንቲሙን መልሰው ቀላቀሉትና
ከመጀመሪያው ጀመሩ።