ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ

እንጉዳይ ነበር ስሟ፤ አባቷ ጓንጉል፣ የቁስቋሙ ደብተራ፤
«እንጉዳይ እኮ ዕፅ አይደለም» ትል ነበር፣ እንግዳ በስሟ ሲጠራ።

እኔ ሾፌሯ ነበርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪ የያዝኩ፣
ላንድሮቨሯ ስትታመም ሆዷን ከፍቼ ያከምኩ።
በሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ ገደሉ አፉን ከፍቶ ሳለ፣
«ቁም!» ትላለች፤ ከድንጋይ ሥር ስሙን የማላውቀው አረም አለ።
ከኋላችን የጭነት መኪና ጥሩንባውን ይነፋል፤
እሷ በሆዷ ተኝታ የአበባ ቅጠል ትቆጥራለች፤ አምስት፣ አምስት፤ ጊዜው ያልፋል።

አባቷ መድኃኒት አዋቂ፤ ጎህ ሳይቀድ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣
ብረት ሳያስነካ በቀንድ የሚምስ፣ እየተገላመጠ በየአቅጣጫ።
ምስጢሩ ለበኩር ነበር፤ ለወንዱ፣ ለታላቅ ወንድሟ ለአየነው፤
ሴት ከሰማችው ይረክሳል አሉ። እሷ መች ሰማች፤ ያወቀችው በማየት ነው፤
ከአጥር ጀርባ፣ የትኛው ሣር እንደተረገጠ፣ የቱ አፈር እንደቆሰለ፣
ጉድጓዱን በጣቷ ለክታ፣ የቀረውን ሥር አሽትታ፣ አባቷ ዘወር ካለ።

አየነው ምስጢሩን ተቀበለ፤ ወታደር ቤት ገባ፤ ረሳው።

እሷ ከአዲስ አበባ ዲግሪዋንና አንድ ሻንጣ ይዛ ስትመጣ፣
«ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» የሚል ስም ከቅዳሜ ገበያ ወጣ።
አልተቆጣችም። ኮሌጁ በሰጣት ክፍል በር ላይ በጠመኔ ጻፈችው፦
«ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ። አንኳኩቶ መግባት ነው።»

ቅጠሉን በጋዜጣ ነበር የምናደርቀው፣ በሁለት ጣውላ ጠፍረን፣
ርጥቡን በደረቅ እየለወጥን፣ ብዙ ሌሊት በፋኖስ አድረን።
«ስም፣ ቦታ፣ ቀን፣ ከፍታ፤ የለቀመው ሰው ማን እንደሆነ፤
ይህ ካልተጻፈ ገለባ ነው፣ ለአህያ እንኳ ያልሆነ።»

በዚያ በክፉው ዘመን፣ አዘዞ ኬላ ላይ፣ አንድ ታጣቂ ጎረምሳ፣
«ወረቀት ደብቀሻል» ብሎ ጣውላውን ፈታ፤ ገጹን አነሣ።
ጦስኝ። ቀጥሎ ዳማከሴ። ቀጥሎ ግራዋ። ቀጥሎ የሴት ቀስት።
«ቀስት?» አለ። እሷ ሳቀች። እኔ ጉልበቴ ከዳኝ፤
ሰባት ሰው ቀርቶ ነበር በዚያው ኬላ፣ በዚያው ሳምንት።
ከዚያ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴን ሆዷን ያማታል»
ሲል፣ ከጋዜጣው ጫፍ ቀዳ ጻፈችለት።
አየሁት፤ «ሐኪም ዘንድ ውሰዳት» ይላል።

ጓንጉል አርጅቶ ዓይኑ ጠፋ። አንድ ክረምት ከወገራ ስንመለስ፣
ስም ያጣችለትን ቅጠል ይዛ ገባች። አፍንጫው ሥር ስታደርስ፣
ዝም አለ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ስሙን ጠራው፤ አንዴ፣ በሹክሹክታ።
«ለምን ይሆናል፣ አባ?» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።
ያረፈው በኅዳር ነው፣ በጽዮን ማርያም ለታ።

እሷም ሄደች። የክፍሉ ቁልፍ እኔ ዘንድ ቀረ፤ ማንም አልጠየቀኝ።
ስምንት ሺህ ገጽ ነው፤ ብል እንዳይገባበት የምበትነው ዱቄት የሚያስነጥሰኝ።
አንዱን ከአንገረብ ዳር ለቅመነው ነበር፤ ቦታው ዛሬ ከግድቡ ውኃ ሥር ነው፤
ቅጠሉ ግን ደረቅ ነው።

ትናንት ያንን የወገራውን ገጽ አወጣሁ። መለያው በራሷ እጅ ተጽፏል።
ስም፣ አለ። ቦታ፣ አለ። ቀንና ከፍታ፣ አለ።
«ለቃሚ» ከሚለው ፊት የራሷን ስም ሰርዛዋለች፤ «ደብተራ ጓንጉል» ይላል።
«ጥቅም» ከሚለው ፊት፣
«አልተነገረኝም።»

ሌላው ሁሉ በቀለም ነው።
ይቺ ብቻ በእርሳስ ናት።