ቀጭ

ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ቆሜያለሁ፣
ፖስታ ቤት አጠገብ፣ ከነጂብ ሱቅ ደጃፍ።
አዲሶቹ ከመደርደሪያው ያዩኛል፤
ቀጫጭን፣ ጥቋቁር፣ መስታወት አልባ፣
እንደ ሚዜ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሱፍ።

ትናንት የኔን አገላብጦ አየው፣
እንደ በግ ገዢ፤ ጥርሱን፣ ሽንጡን ዳሰሰ።
ከሆዱ የተቆጠረውን አነበበልኝ፦
«መቶ ዘጠና አራት ሺህ ጊዜ ተኩሷል፤
ወንድሜ፣ የዚህ ጡረታው ደርሷል።»

መቶ ዘጠና አራት ሺህ።
ስንቱ ሙሽራ ነበር፣ ስንቱ ጉርድ ፎቶ፣
ስንቱ ዓይኑን ጨፍኖ የተደገመለት፣
ስንቱ ዛሬ ሌላ ያገባ፣
ስንቱ ያችው ፎቶ ትልቅ ሆና
በቀብሩ ቀን ፊት ፊቱ የተያዘችለት።

ሒሳቡን በደረሰኝ ጀርባ ጽፌዋለሁ፦
ቦዲው ስልሳ ሺህ።
ሰማንያ አምስቷ ሌንስ፣ በእቁብ ብር የገዛኋት፣ አርባ።
ሃምሳዋን ነጂብ ወደ አምፖሉ አንስቶ ዝም አለ፤
የሁለት ክረምት ሻጋታ ውስጧ አብቧል።
«ይቺን ለራስህ ያዛት» አለኝ፣
ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
የሚቀረኝ ሁለት መቶ ሰባ ሺህ፤
ክረምቱ ሳይገባ ይህን የሚያክል ሰርግ አለ ወይ?

ቦዲውን ብቻ መለወጥ ቢሆን እሺ።
ግን የአንዱን ቤት ሌንስ የሌላው ቤት አፍ አይጎርሰውም።
የኔው ወደ ግራ ነው የሚገባው፣
ያኛው ወደ ቀኝ የሚጠመዘዘው፤
አሥራ ሁለት ዓመት በጨለማ የለመደ እጅ
በስንት ሌሊት ነው ሃይማኖት የሚቀይረው?
«አዳፕተር አለ» ይለኛል ነጂብ።
በአስተርጓሚ ፍቅር፣ እላለሁ በሆዴ።

ረዳቴ ምንታምር ትስቅብኛለች፦
«ያኛው እኮ ራሱ ዓይን ይከተላል፤
ሙሽራዋ ብትዞር፣ ብታለቅስ፣ ቬሏ ቢሸፍናት
አይስታትም። አንተ ባለፈው ስንቱን ሳትክ?»
አሥራ አንድ። ቆጥሬያቸዋለሁ።
የእናትየው ዓይን ደብዝዞ
የጆሮ ጌጧ ብቻ እንደ መርፌ የጠራ።
ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ያለው ሰው
ሰይጣኑ ዓይኑ ሲደክም ምን እንደሚደረግ አልነገረንም።

ደግሞ አዲሱ ድምፅ የለውም።
በተክሊል ሰዓት ቄሱ አይገላምጡኝም፣
ማንም አይሰማኝም።
ይህን ሳስብ ነው አቶ ዘርጋው ትዝ ያሉኝ።

በየመስከረሙ ይመጣሉ፣
ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ደረጃውን በዱላቸው እየቆጠሩ።
የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤
ዓይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት።
ፎቶው ለመታወቂያ አይደለም፣ የሚልኩለትም የለም።
«ፊቴ የት እንደደረሰ እኔ ባላየው
ይመዝገብ» ይላሉ።
ይቀመጣሉ። ከረቫታቸውን ይዳስሳሉ። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።
ይጠብቃሉ።

ቀጭ።

ያኔ ትከሻቸው ይወርዳል።
«ደህና ወጣሁ?»
«ደህና ወጥተዋል።»

«ድምፅማ አለው!» አለ ነጂብ፣ ስነግረው፤
ሜኑ ውስጥ ገብቶ ፈልጎ ከፈተልኝ።
አዳመጥኩት። ጥሩ ነው። ንጹሕ ነው።
በቴፕ የተቀዳ እልልታ።

ውጭ፣ የአሥር ሰዓት ፀሐይ ከለገሃር ሽቅብ
አስፋልቱን ይዛ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ወጥታለች፤
አንድ ሊስትሮ በአንድ ጫማ ጫፍ ላይ ብርሃኗን ይወለውላል።
አሮጌውን አወጣሁ። አነጣጠርኩ።
ጫማው ጠራ፣ ልጁ ደበዘዘ።
መቶ ዘጠና አራት ሺህ ከአንድ።

«እስከ መስከረም ታቆይልኛለህ?» አልኩት።
«መስከረም ዶላር ስንት እንደሚገባ አላህ ያውቃል» አለና
የሱቁን መዝጊያ ከላይ ወደ ታች ጎተተው።
ብረቱ ከደፉ ሲጋጭ ጮኸ፤
ትንፋሼን ይዤ እንደነበር
ያኔ ገባኝ።