አሥራ ዘጠኝ ችካል

በፓርኑ ዳርቻ፣ ባሕሩ ሲረጋ፣
በረዶው ከምሮ ደጃፉን ሲዘጋ፣
ከኤንድል ጎረቤት፣ አጥር ለአጥር ኖርኩ፤
የሱን ችካል ሳይ ነው ያን ብርድ የከረምኩ።

ዓሣ መዛኝ ነበር፣ አርባ ዓመት በወደብ፤
የሚዛኑን ምላስ ሲያነብ፣ ቁጥር ሲያስብ።
ጡረታ ሲያስወጡት ሚዛኑን ወሰዱት፤
ቁጥሩን ከራሱ ላይ ማውረዱን ረሱት።

በእኛ አገር ጽሕፈት አንድ ቁጥር ችካል ነው፤
ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጎን ዘመድ የሌለው።
አሥራ ዘጠኝ አንዶች በረዶ ላይ ተክሎ
"ያልኩት ቁጥር ይኸው" ይላል ጣቱን ሰቅሎ።

አንድ ማታ ጠራኝ። ጠረጴዛው ሞልቷል፤
የዓሣ መጠቅለያ በእርሳስ ጠቁሯል።
"ሁለት አንድ ብታቆም አሥራ አንድ ነው፤ ይጸናል።
ሦስት ብታደርጋቸው በሠላሳ ሰባት ይተረተራል።
አምስቱን አርባ አንድ ይፈታቸዋል።
ሰባት ቢሆኑ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት፣
ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ነው ስንጥቃት።
አሥራ ዘጠኙ ግን—"
ዝም አለ። እርሳሱን ላሰ።
"አሥራ ዘጠኙ ግን ከአንድና ከራሱ
ሌላ አካፋይ የለው። ሊቃውንት ጨረሱ፣
አስረግጠው ጻፉ። እኔ ግን፣ ወዳጄ፣
የሰው ሚዛን አላምን፤ ልየው በገዛ እጄ።"
አርባ ሺህ ደርሷል። የቀረው መንገድ
ቢሊዮን አልፎ ነው፤ ዕድሜ አይበቃው ለመሄድ።

ጥር ላይ መብራት ጠፋ። ሦስት ሌሊት ሙሉ
ሽቦዎቹ በበረዶ ተበጥሰው ዋሉ።
ፒሬቴ ታማለች፤ ትንፋሿ ያፏጫል፤
የምድጃው አፍ ባዶ፤ ብርዱን ያላምጣል።
ወጣሁ በሌሊት። ነቀልኩ።
ከዳር ያለውን፣ አንዱን።
ደረቅ ነበር፤
እስኪነጋ አሞቀን።

ሲነጋ አሥራ ስምንት።
ኤንድል አጥሩ ሥር ቆሞ በጣቱ ቆጠረ፤
ሳይጮህ፣ ማንንም ሳይል ወደ ቤቱ ዞረ።
ማታ መስኮቴን መታው። ወረቀት ይዟል።
"አሥራ ስምንት አንድ" አለኝ፣ "በየት ብትነካው ይናዳል።
ሦስት ይበላዋል፤ ሰባት ይበላዋል፤
አሥራ አንድም፣ አሥራ ሦስትም ድርሻውን ያነሣል።
ይህ አልገረመኝም፤ አንድ ሲጎድል ሁሉም ባለ ድርሻ ነው።
ግን ስማኝ፤ ለአሥራ ዘጠኝ አካፈልኩት ቆይቼ።
ቀሪ የለውም! ሦስቴ ሠራሁት፣ ፋኖስ አብርቼ።
የሄደው አንድ ችካል ነው፤ የሞላንበት ቁጥር
ጎዶሎው ውስጥ ተቀምጧል፣ እንደ ጨው በባሕር።"

"እኔ ነኝ" ልለው ከንፈሬ ሲከፈት፣
"ፒሬት ተሻላት?" አለኝ፣ ቆሞ በመስኮቱ ፊት።

ሚያዝያ ላይ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ የጥድ ችካል ጠርቤ ወሰድኩለት።
በእጁ አነሣው፣ ዓይኑን ጨፈነ፦ "ሁለት ኪሎ ከሩብ።"
ተከልነው።
ከሽበታሞቹ ጎን ቢጫ ነው፤ ትንሽም ዘሟል።
ኤንድል እርሳሱን ቀርጾ ካቆመበት ቀጠለ።
ከመንገዱ ማዶ ሲታይ ግን አዲሱ አይለይም፤
ቁጥሩ ያው ነው፤ ለማንም አይከፈልም።