የመጋዙ ጉድጓድ

አባቴ ፊሊሞኒ በጉልበቱ ዘመን
ጉድጓድ ወርዶ ነበር የሚያበላን እኛን፤
ባልንጀራው ሳይዚ ከላይ፣ እሱ ከታች ሆኖ
መጋዙን ሲጎትት፣ ቀና ብሎ፣ ታፍኖ፣
የሙላንጄ ጥድ ዱቄት ዓይኑ ላይ ይዘንባል።
ማታ ቤት ሲገባ ሸሚዙ ይሸታል፤
ተራራው ተከትሎት የመጣ ይመስላል።

አልክድም እኔማ፤ የቤታችን ጣሪያ፣
የጫማዬ ዋጋ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣
ሁሉም ጥድ ነበረ፤
በጨረቃ ብርሃን በሰው ራስ የወረደ፣
የዓሣ ጀልባ ሊሆን ወደ ሐይቅ የነጎደ።

ያዙት አንድ ሌሊት።
ዓመት ከመንፈቁን ዞምባ ታስሮ ሲፈታ
ሽቅብ አየ፣ ዝም አለ። የጥዶቹ ቦታ
ተላጭቶ ነበረ እንደ ሐዘንተኛ፤
የፈረንጅ ጥድ ቆሟል፣ ትናንት መጥቶ፣ ዳኛ።

ቺፔሮኒ የምንለው የጉም ካፊያ በወረደ ሰሞን
ወጣ ወደ ገደሉ፣ ማንንም ሳይለምን።
አንዲት ባልቴት ጥድ አለች፣ ከቋጥኝ የተጣበቀች፣
ለመጋዝ ጠማማ ሆና ከሞት ያመለጠች።
ፍሬዋን ለቅሞ መጣ፤ ድርቅ ያለ ቡጢ ነው።
ቆርቆሮ ላይ አሰጣው።
በሦስተኛው ፀሐይ ቡጢው እጁን ፈታ፤
ከውስጡ ጥቁር ዘር፣ ክንፍ ያላት ጠብታ።

“ይህችን እንደ ጎመን በትነው አይተዋት፤
ከእናቷ ሥር አፈር ካልተዘገነላት
በቅላም ትጠፋለች፤ ማን እንደሆነች ማን ይንገራት?”

በከረጢት አመጣው፣ እንደ ዱቄት ነፋው፣
ከወንዝ አሸዋ ጋር በመዳፉ ለወሰው፤
በሣር ጥላ ከልሎ፣ ጠዋት ማታ በጣሳ
ውሃ ይረጫል፣ የመጋዝ እጁን አለስልሶ፣ ሳይረሳ።

ሳይዚ መጣ አንድ ቀን፣ ያ የላይኛው ሳቢ፤
“እንጨት ሆና ሳታያት ልትሞት ነው” ሲል ቀለደ።
አባቴ ጣሳውን ሰጠው፤
ሳይዚ ውሃ ሊቀዳ ወደ ወንዝ ወረደ።

ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፣ በእጄ ጽሕፈት፦
የተዘራ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት።
የበቀለ፣ መቶ ስድሳ።
አንገቱ ቀጥኖ የወደቀ፣ ዘጠና አንድ።
የኤሉቢ ፍየል የበላችው፣ አራት
(ከኤሉቢ ጋር እስከ ፋሲካ አልተነጋገርንም)።
የቀረ፣ ስድሳ አምስት።

በሁለተኛው ዝናብ በሳጥን ተሸክመን
አራት ሰዓት ሙሉ ዳገቱን ወጥተን
ሃምሳ ስድስቱን ተዳፋቱ ላይ አሰፈርን።
ዘጠኙን ግን ያዘ። “ነይ” አለኝ፤ ተከተልኩት።
ጉድጓዱ ነበረ። እስከ ጉልበት ድረስ
ሞልቶታል የገዛ ዱቄቱ፣ ሲረጥብ፣ ሲበሰብስ።
ወረደ።
ያኔ ቀና ብሎ ነበር የሚጎትተው፤
አሁን አጎንብሶ ነው የሚተክለው።
ምንም አልተናገረ፤ እኔም አልጠየቅሁ፤
አፈር ስመልስለት እጁን ብቻ አየሁ።

በሦስተኛው ዓመት የአዳኞች እሳት
ተዳፋቱን ላሰው በአንዲት ሌሊት።
የአባቴ ጉልበት ከድቶታል፤ ብቻዬን ወጣሁ፤
ሃምሳ ስድስት ጥቁር ጭራሮ ቆጥሬ ደብተሬን ዘጋሁ።

ጉድጓዱ ግን እርጥብ ነበር።
ስድስት አሉ።
የረዘመችው ስንዝር ከአራት ጣት ትሆናለች።
ጫፏን ቆነጠርኩ፣ በጣቶቼ መሃል አሸሁት፣
እጄን ሳልታጠብ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወረድኩት።

ቤት ስገባ “ስንት?” አላለም።
ምድጃው ዳር ተቀምጦ ዓይኑን ብቻ አነሳ።
እጄን ዘረጋሁለት።
አሸተተው። ዝም ብሎ ረጅም ጊዜ አሸተተው፣
እናቴ ማታ ማታ ሸሚዙን እንደምታሸተው።
ከዚያ እጄን መለሰልኝ፤
“ካፊያው ሊመጣ ነው” አለ፤ “መደቡን ሸፍኚው።”