ሁለተኛው አልጋ

በሙሮራን ወደብ ጥር በረዶ ጥሎ፣
ጀልባው ሁሉ ታስሮ እንደ ሰነፍ በቅሎ፣
ከአውቶቡስ ወረድን፣ እኔና ቺግሳ፤
ዳገቱን ወጣነው አንድ ቃል ሳናነሣ።
ስድስት ዓመት ሙሉ ስናነሣው ኖረን፣
ቃሉ ራሱ ደክሞት መንገድ ላይ ቀረን።

ጧት ቴርሞሜትር፣ ማታ ቀን መቁጠሪያ፤
አልጋችን ሆነብን የፈረቃ መፈረሚያ።

ተንሸራታቹ በር ገና ከመከፈቱ፣
የጭቁኝ ጭስ ወጣ ሊቀበል ከቤቱ።
እመት ኩማጋይ ዓይነ ስውር ናቸው፤
በልጅነት ኩፍኝ ብርሃን የቀማቸው።
ጣታቸው ግን ያያል፤ ቆዳ ለእሳቸው ገጽ፣
የሰው ሆድ ሲነካ እንደ ፊደል ሲገለጽ።

ቺግሳ ተጋደመች፤ እኔ ዳር ላይ ቆሜ፤
አሳካሚ ነኝ እኔ፣ የት አለና ሕመሜ?
አንድ በቁርጭምጭሚት፣ አንድ ከእምብርት በታች፣
ከፀጉር የቀጠነች፣ ስትገባ ያልተሰማች።
እናቴ ያወቀቻት መርፌ ታለብሳለች፤
ይቺኛዋ ገብታ ሰው ታራቁታለች።

የደረቀው ጭቁኝ እንደ ጥጥ ተባዝቶ፣
ከመርፌው ራስ ላይ ቀስ ብሎ እሳት በልቶ፤
እኔ የማውቀው እሳት ብረት ያፈሳል፤
ይሄኛው አንዲት የቀዘቀዘች እግር ይዳስሳል።

ጣሪያውን እያየች ጣውላ ስትቆጥር፣
እንባዋ ፈሰሰ በጆሮዋ ሥር፤
የመርፌው አልነበረም፤ መርፌው አያምም ነበር።

የእናቴን መራራ ዱቄት፣ በየጧቱ የጠጣችውን፣
ከመቅደስ የመጣ ክታብ፣ ትራስ ሥር የወሸቀችውን፣
በየወሩ አበባው መጥቶ ፍሬው የቀረውን፣
“ያቺ መካን” እያለ ሰፈር የሚያወራውን፣
ሁሉንም ነገረች ለማያየው ዓይን።

እኔ የት ነበርሁ?
እቶኑ ፊት ነበርሁ። ፈረቃ ላይ ነበርሁ።
“መካን” ሲሏት እየሰማሁ ሾርባዬን እጠጣ ነበርሁ።

ሴትዮዋ እጃቸውን ከእሷ ላይ አነሡ፣
ወደ እኔ ዞሩና አየሩን ዳሰሱ፦
“ብረት የምትሸተው፣ ግድግዳ የያዝኸው፣
ሁለተኛው አልጋ የማን ነው ያልኸው?”

የእጄን አንጓ ያዙ በሦስት ጣት። ዝም አሉ።
በረዶ ከጣሪያው ተንዶ ወደቀ፤ አሁንም ዝም አሉ።
“ሥራህ?” “እቶን ፊት።” “ስንት ዓመት?” “ዐሥራ አምስት።”
“ሐኪም አይቶህ ያውቃል?” “እኔን? በምን ምክንያት?”

አልሣቁም፤ አልተቆጡም፤ መርፌ በጥጥ ወለወሉ፤
“እኔ ልጅ አልሰጥም፤ ትሰጣለች ብለህም እንዳታወራ” አሉ።
“ይቺ መርፌ የምታውቅ አንዲት ነገር ብቻ፤
ሰውን ማሳረፍ ነው ከራሱ ዘመቻ።
ቀሪው የሐኪም ነው፤ ሂድና ተመርመር፤
ማን መሬት ይከሳል፣ ሳያበጥር ዘር?”

ተጋደምሁ። በእኛ መሐል ክፍተቱ አንድ ክንድ፤
እሷ ላይ ሰባት መርፌ፣ እኔ ላይ ገና አንድ።
መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ እጅ አልተያያዝንም፤
ግን ከስድስት ዓመት ወዲህ
እንደዚያን ዕለት አልተቀራረብንም።

የሐኪሙ ወረቀት በመጋቢት መጣ፤
ትንሹ ቁጥር የእኔ፤ በእሷ ምንም አልወጣ።
ለእናቴ ደወልሁ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሣችው።
“እማዬ” አልኋት፣ “ያንን ዱቄት ከእንግዲህ
ለእኔ ላኪው።”
መልስ የለም። ከጀርባዋ
የሬዲዮ አየር ትንበያ ብቻ፦ ነፋስ፣ ማዕበል፣ ጭጋግ።

ከእቶኑ ወጣሁ፤ አሁን ሚዛን ክፍል ነኝ፤
ደመወዙ ቀነሰ፤ ብርዱ ግን ተስማማኝ።
ሚያዝያም አበባ አየች፤ ግንቦትም አየች፤
ሐሙስ ሐሙስ ግን፣ ዳገቱን ስንወጣ፣ ታወራለች፦
ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ጫማ ውስጥ ስለ ወለደችው የጎረቤት ድመት።
እኔም እሰማለሁ። መስማት አዲስ ሙያዬ ናት።

በሩ ሲንሸራተት፣ እመት ኩማጋይ ከውስጥ፣
“ስንት ሰው ነው?” ይላሉ።
“ሁለት” እንላለን።
ሁለቱንም አልጋ ያነጥፋሉ።