መቶ ፍሬ

ከሳቢያን ተነሥቼ በአይሱዙ ጀርባ፣
ከባዶ ጆንያ ጋር ቢዮ አዋሌ ስገባ፣
ኮሌጅ ያተመልኝ ደብዳቤ በቦርሳዬ፣
ገና አልቆሸሸም ነጩ ሸራ ጫማዬ።
«ለሁለት ወር ያህል ለልምምድ ተልካለች፣
ወጣቱን በግብርና ታሠለጥናለች»
ይላል ወረቀቱ። ይህን ግን አይልም፦
ከበረንዳ እሬት በቀር ተክዬ አላውቅም።

ሃያ ሦስት ወጣት ከዳስ ሥር ጠበቁኝ፣
ከጫማዬ ጀምረው ሽቅብ አነበቡኝ።
ሙክታር የሚሉት ልጅ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣
ጠየቀኝ ቀጥ ብሎ፣ እጁን ሽቅብ አውጥቶ፦
«ቲቸር፣ ይሄ ትምህርት ጅቡቲ ያደርሳል?»
ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጥያቄው ግን ቆሟል።

ኮምፖስት ላስተምር ብዬ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣
በጥቁር ሰሌዳ ላይ ካርቦን፣ ናይትሮጅን ጻፍኩ።
አዴ ሩቂያ መጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣
«ይሄማ እኛ ቤት ፍግ ነው» ብለው ተለዩ።
በማግስቱ ገመድ ይዤ መስመር ላሠራ ስል፣
ገመዱ ተጠላልፎ እሱን ስፈታትል፣
ልጃቸው ሚስኪ ዝም ብላ በእርምጃዋ ለካች፤
በሜትር ብፈትሻት አንድ ጣት አልሳተች።

ከቢሮ መጣ ዘር፣ በከረጢት ታሽጎ፣
«ምርጥ» የሚል ማኅተም ፊቱ ላይ አድርጎ።
እኔም በኮሌጅ ሕግ፣ ሳይዘራ ይፈተን
ብዬ፣ መቶ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን
ከእንስራው ጎን አኖርን።
በአምስት ቀን ስንገልጠው
ሠላሳ አንድ ብቻ ነው ነጭ ጭራ ያወጣው።
የቀረው ሲጫኑት ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ፤
ሙክታር ጣቱን አሽትቶ በሱሪው አበሰ።

ሚስኪ ሳትናገር ከዳሱ ሥር ወጣች፣
በሻሽዋ ጫፍ ቋጥራ ማሽላ አመጣች፤
ሙይራ ይሉታል፣ ጢስ ጢስ የሚሸት፣
እናቷ ከምድጃ በላይ የሰቀሉት፣
ዝናብ በጠፋበት፣ በዚያ ክፉ ዓመት፣
እየራባቸው እንኳ ያልቆነጠሩት።
እሷም መቶ ቆጠረች። ጨርቅ አራሰች። ቆየን።
ዘጠና አራት ጭራ አንድ በአንድ አየን።

ዓርብ መጣ በሞተር ተቆጣጣሪዬ
ኢብሳ፣ ቅጽ ሊሞላ ከማስታወሻዬ።
ሠላሳ አንድን ሲያይ ብዕሩ ቆመ፣
መነጽሩ ከአፍንጫው ወደ ታች አዘመመ።
«ይህ ከረጢት» አለኝ፣ «ሰባት ፊርማ አለበት።
ዘጠና ብለሽ ጻፊ። ማን ቆጥሮ ይደርስበት?»
ክፉ ሰው አይደለም። ያንን ዳስ የሠራ፣
ከደመወዙ ቆርሶ፣ ከልጆቹ ጋራ።
ከመቶው አርባ ማርኬ በእጁ ላይ ነበረ።
ብዕሩን ሰጠኝ። ሃያ ሦስት አንገት ዞረ።

ጻፍኩ። እጄ ተንቀጥቅጦ ሦስቷ ስምንት መሰለች፤
(ልቤም፣ ምን እዋሻለሁ፣ እንዲያው ትቅር አለች።)
ሚስኪ አጎንብሳ በጣቷ ነካቻት፦
«ቲቸር፣ ሰማንያ ትላለች። አስተካክያት።»

አስተካከልኳት።

ኢብሳ ቅጹን አጥፎ በኪሱ ከተተ፣
ሞተሩን ሦስቴ ረግጦ አቧራ ጎተተ።
ቅጹን ቢሮ ያድርሰው፣ ደቻቱ ይብላው፣ አላውቅም።
ከአርባው ሃያ ስድስት ሰጠኝ። አልተጣላንም።

ሚያዝያ ዘነበ። በሌሊት ነው የጀመረ፣
በዳሱ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የወረወረ።
ሳይነጋ ተሰበሰቡ፣ ያልጠራኋቸው ሁሉ፣
እናቶች፣ ታናናሾች፣ ፍየሎች ሲከተሉ።
ግማሹን ለሙይራ፣ ግማሹን ለከረጢቱ፣
ይተያዩ ብለን ዘራን ፊት ለፊቱ።
የከረጢቱ ወገን ራሰ በራ ወጣ፤
በሙይራው በኩል ግን ንፋስ መግቢያ አጣ።

ማሽላው ጉልበቴን ሲያልፍ ሁለት ወሬ ሞላ።
ሙክታር አብሮኝ ወረደ፣ በአይሱዙው ኋላ፣
ኮፍያውን ደፍቶ። ወዴት ነህ አላልኩም፣
እሱም ወዴት እንደሆነ አልነገረኝም።
ለገሃር ወርደን፣ ሳንሰነባበት ገና፣
«ቲቸር፣ ያልበቀሉት፣ ስድሳ ዘጠኙ…» አለና
ባጃጅ ጥሩንባ ነፋ፣ ቀሪውን ሳልሰማ።
ቆሜ ቀረሁ አስፋልት ላይ፣ ነጭ በነበረ ጫማ።