ጠጋኙ

ሸምሱ ቅዳሜ ዕለት አዲስ ካርድ አወጣ፣
ኮፒ ቤቱን ዘግቶ፣ ዝናቡ ሲመጣ፤
ከብስኩት ካርቶን ላይ በምላጭ የቆረጠው፣
በመታወቂያ ላስቲክ አሽጎ ያስቀመጠው።

ስሙ፦ ጠጋኙ።
ዋጋው፦ ሦስት ቆርኪ።
ጉልበቱ፦ ሁለት።
ሥዕሉ፦ ወስፌ የጨበጠ እጅ፣ ፊት የሌለው፣
ከኋላው የአዌቱ ድልድይ፣ በእርሳስ ነካ ነካ የተደረገ።
ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት፦
«ሲገባ አንዱን ምረጥ፤
ከሞቱት አንድ አንሣ፣
ወይም የባላጋራህን አጥር አፍርስ፣
ወይም ሁለት ካርድ ሳብ።»
«አንዱን» የሚለው ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ኬነሳ አየና ከንፈሩን ጣለበት፤
«በሦስት ቆርኪማ ነብር ይገባበት!
ነብር አምስት ጉልበት፣ ገብቶ የሚቦጭቅ፤
ይሄ ግን ሁለት ነው፣ ዶሮም አያስጨንቅ።
ለማንሣቱም ሐኪም በሁለት ይገኛል፣
አጥሩንም መዶሻ በአንድ ይደረምሳል፤
ለመሳብ ተማሪው ከዚህ ይሻላል፤
ሁሉን የሚነካ ምኑን ይጨብጣል?»

መፍቱሃ አልተቀበለችም።
ሒሳብ ነው የምታጠናው፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛ ዓመት፤
የሄርማታ መርካቶ ደረሰኝ ገልብጣ ታሰላ ጀመር።
«ሐኪም ማንም ሳይሞት ከመጣልህ ወረቀት ነው።
መዶሻ አጥር በሌለበት ወረቀት ነው።
ከአርባው ካርድህ ስንቱ፣ ስንት ጊዜ፣
እጅህ ላይ ወረቀት ሆኖ እንደሚውል ቆጥሬልሃለሁ።
ይሄ አንድም ቀን ወረቀት አይሆንም።
ትርፏን ቆርኪ የምትከፍለው ለዚህ ነው።»

እኔ ክርክር አልችልም።
ሁለት ነብር ለሸምሱ ከፍዬ ወሰድኩት፤
አሥር ጨዋታ ልሞክረው።

በመጀመሪያው፣ በሁለተኛው ዙር መጣልኝ።
አጥር ነበረ፤ «ቆይ፣ የባሰ አጥር ይመጣል» አልኩ።
አንድ ሞተብኝ፤ «ቆይ፣ የሚበልጠው ይሙት» አልኩ።
እጄ ሳሳ፤ «ቆይ» አልኩ።
ቆይ ቆይ ስል የኬነሳ ነብር ከነጥፍሩ ደረሰ፤
ጠጋኙ እጄ ላይ ቀርቶ፣ ላቤን ብቻ ቀመሰ።

ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም።
ሸምሱ ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና ሳይል፣
«ካርዱ ሦስት መንገድ አለው፤
አንተ አንድ እግር እንኳ የለህም» አለኝ።

ያኔ ነው እጁን ያወቅሁት።
ፊት ባይኖረውም፣ አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም።
አባ ጊሳ!
ድልድዩ አፍ ላይ ሰማያዊ ሸራ ወጥሮ፣
ጃንጥላ፣ ጫማ፣ ሬዲዮ፣ አንዴም የባጃጅ መቀመጫ።
ጫማ ሰፊዎቹ ከእሱ ይበልጥ ያምርላቸው ነበር፤
ሬዲዮ ሠሪው ከእሱ ይበልጥ ይበይድ ነበር፤
የጅማ ዝናብ ድንገት ሲወርድ ግን
ሰው ሁሉ ወደ አባ ጊሳ ነበር የሚሮጠው።
ከፊቱ የቀረበለትን ዕቃ አይቶ
«ነገ ከዚህ የባሰ ተሰብሮ ይምጣ» ብሎ አያውቅም።

ከአራተኛው ጀምሮ እንደመጣ ጣልኩት።
አጥር ካለ አጥሩን፤ ከሌለ ሁለት ሳብኩ፤
አንዴ የማይረባ ዶሮ ከሞት አስነሣሁ፣ መፍቱሃ ሳቀችብኝ፤
ያቺ ዶሮ ግን ነብሩን አንድ ዙር አስቆመችው።
ከቀሩት ሰባት አራቱን አሸነፍኩ።
ብዙ አይደለም። ኬነሳም «ዕድል ነው» ይላል፤
ሊሆን ይችላል።

ግምገማዬ ይኸው፤
በአርባው ውስጥ ሁለት ይበቃል፣ ሦስተኛው ይከብዳል፤
ጨዋታው ሲረዝም ጉልበቱ ያሳፍራል፤
ቆርኪ ላነሰው፣ ለሚጣደፍ ሰው አይሆንም፤
ለሚሳሳ ሰው ደግሞ ጭራሽ።
ከአሥር ሰባት ተኩል።

ኬነሳ ጃኬቱን እየለበሰ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ሁለቱን ነብር ልስጥህ?» አለኝ።
«ሦስት» አልኩት።
«ቆይ፣ ላስብበት» አለና
በዝናቡ ወደ ፈረንጅ አራዳ ወጣ።